ጆንያውን ማን አነጠፈው?

ዲላ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለሠረቀብርሃን፤

እንደምን ሰነበትህ? «እኔ ደህና ነኝ» ብዬ እንዳልጀምር የአውቶቡሱ ሾፌር ቀድሞኝ ነግሮሃል። እውነት ነው ወይ ብለህ ጠይቀኸኛል፤ እውነት ነው። እንዳትደነግጥ ብዬ ነበር የደበቅሁህ፤ በሰው አፍ ስትሰማው ይብስ ደንግጠሃልና ይቅር በለኝ። ከፎቅ ወደቀች ማለቱ ግን የሾፌር ወሬ ነው። በዲላ እኔ የምወድቅበት ፎቅ የት ተሠርቶ?

ነገሩ እንዲህ ነው። የይመኙሻልን የሠርግ ቀሚስ ስሰፋ ነጭ ክር አለቀብኝና ወደ አባቷ ወደ አቶ ሽብሩ ሱቅ ሄድሁ። ሱቁን ታውቀዋለህ፤ ከፊት ጨርቃ ጨርቅ፣ ከኋላ የቡና መጋዘን ነው። በሁለቱ መካከል የዝናብ ውኃ የሚወርድበት ቦይ አለ፤ ሁላችንም ሰፊ ሳንቃ እየረገጥን እንሻገረዋለን። ሚስቱ አሰገደች ክሩ ከኋላ ነው፣ ግቢና ውሰጂ አለችኝ። ለካ ያን ዕለት ቡና ይጫን ስለነበር ሠራተኞቹ ሳንቃውን አንሥተው የመኪና መወጣጫ አድርገውት ኖሯል። ቦዩ አፉን ከፍቶ ቀርቶ፣ በላዩ ላይ ደረቅ ጆንያ ተነጥፎበታል። ሳንቃው ከሥሩ ያለ መስሎኝ እንደ ልማዴ ረገጥሁት። ከቦዩ ያወጣኝ ከወርቃ ገጠር ቡና ይዞ የመጣ አንድ ገበሬ ነው።

ቀኝ እግሬ ከጉልበቴ በታች ተሰብሯል። ወጌሻው በቀርከሃ አስሮ፣ እንዳትንቀሳቀሺ ብሎኝ ሄደ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ያበላኝ ይህ እግር መሆኑን አንተ ታውቃለህ። ካልዳነ የስፌት ማሽኔን በምን እረግጣለሁ? ሌሊት የማስበው ይህን ነው። ቀን ቀን ግን የማስበው ሌላ ነው፤ አልጋ ላይ የተኛ ሰው ሥራው መጠየቅ ብቻ ነውና። ያንን ጆንያ ማን አነጠፈው? ሽብሩስ ለምን ሊጠይቀኝ አልመጣም? ልጁን ይመኙሻልን ክርስትና አንሥቼለት፣ ስንት ዘመን አንድ ማኅበር ጠጥተን፣ እግሬ በእሱ ቤት ሲሰበር ደጄን አልረገጠም።

ስለ እኔ አትጨነቅ። ጸልይልኝ።

እኅትህ አትጠገብ

አዲስ አበባ፣ ኅዳር ፳፪ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ውድ እትዬ፤

ደብዳቤሽን ቢሮ ሆኜ ሳነብ እንባዬ መጥቶ አለቃዬ ሰው ሞተብህ ወይ አለኝ። ፈቃድ ጠይቄ ነበር፤ ከልክለውኛል። አልጋሽ አጠገብ ባለመሆኔ አፍራለሁ።

ግን እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም። በማታ የምማረው ሕግ ለዚህ ካልሆነ ለምን ሊሆን ነው? አዲሱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው በሰው ቤት ወድቆ ስለ መጎዳቱ ጭምር ያስባል። ስለዚህ የምጠይቅሽን አንድ በአንድ መልሽልኝ። ቦዩ ምን ያህል ይጠልቃል? መተላለፊያው ብርሃን ነበረው? ተጠንቀቂ ያለሽ ሰው አለ? ጫማሽ ምን ዓይነት ነበር? ከሁሉም በላይ፣ አንቺ ቀን ቀን የምታስቢው ጥያቄ የሕግም ጥያቄ ነው፤ ጆንያውን ማን አነጠፈው? ሕግ ጥፋተኛ ይፈልጋል። ጥፋተኛው ሳይታወቅ ክስ ብንመሠርት ዳኛው ይመልሰናል።

አቶ ሽብሩ ስላለመምጣታቸው ሳስበው፣ መጥተው «እኔን!» ቢሉሽ እንደ እምነት ቃል ይቆጠርብኛል ብለው ፈርተው ይሆናል። ምናልባት ጠበቃ መክሯቸዋል። እስከዚያው ሽማግሌ ቢመጣ እርቅ አልቀበልም በይ።

ወንድምሽ ሠረቀብርሃን

ዲላ፣ ታኅሣሥ ፮ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ይድረስ ለሊቁ ወንድሜ፤

እንደምን ከረምህ? እንደ ታዘዝሁት አንድ በአንድ እመልሳለሁ። ቦዩ ምን ያህል ይጠልቃል ላልኸው፣ እስከ ጉልበቴ ነው፤ በእግሬ ለክቼዋለሁ። ብርሃን ነበረው ወይ ላልኸው፣ የጆንያው ማሰሪያ ሳይቀር ይታየኝ ነበር። ተጠንቀቂ ያለኝ የለም። ጫማዬ ሸራ ነው፤ ጫማዬን ተወው፣ እሱ ጥፋት የለበትም።

ጠበቃ መክሯቸዋል ያልኸው አሳቀኝና እግሬን አመመኝ። ሽብሩ ጠበቃ ቢኖረው ኖሮ ጠበቃው ራሱ እንቁላል ይዞ ሊጠይቀኝ ይመጣ ነበር። ዲላን ረሳኸው? ከተማው ሁሉ መጥቷል። እግዚአብሔር ይማርሽ ሲሉኝ እየዋሉ እንቅልፍ ነሡኝ። አሰገደች በየቀኑ ሾርባ ትልክልኛለች። አንድ ቀን ራሷ መጣች፤ አለቀሰች፤ ስለ ጆንያው ሳነሣባት ድስት ጥጄ መጥቻለሁ ብላ ብድግ አለች። ይመኙሻል ጭራሽ አልመጣችም። ሙሽራ ከቤት አትወጣም ይሉኛል። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ከአሁኑ ተደብቃ ልትከርም ነው እንዴ? ከልጅነቷ ጀምሮ በዚህ ቤት በር ሳትገባ የዋለችበት ቀን አልነበረም።

ሽማግሌዎችም መጡ። አቶ ወልደዮሐንስ ናቸው ያመጧቸው፤ በከተማችን እሳቸው የሌሉበት እርቅ እርቅ አይባልም። ሰማንሽ፣ ካሳ ይገባሻል አሉ። ነገር ግን ካሳ የሚክስ አጥፊ ነውና አጥፊው ይውጣ፤ ወጥቶም እንደ ወጉ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ እግርሽ ላይ ይውደቅ፤ ከዚያ ሁሉም ነገር ይሆናል አሉ። ወደ ሽብሩ ሄደው ቢጠይቁት ጆንያውን ማን እንዳነጠፈ አላውቅም፣ ከቤቴ ሰው ማንም አላነጠፈም አላቸው። ታዲያ ጆንያው እግር አውጥቶ ሄዶ ነው? ሽማግሌዎቹም አጥፊ በሌለበት ምን እንፍረድ ብለው ጠላቸውን ጠጥተው ሄዱ።

ወንድሜ፣ ተናድጃለሁ። የተናደድሁት ስለ እግሬ አይደለም። ሽብሩ ዋሽቷል፤ ሲዋሽ ደግሞ የማውቀው ሰው አልመስል አለኝ። ክሱን አዘጋጅልኝ። ብቻ እስከምፈርም ድረስ አትላከው፤ የክርስትና ልጄን አባት ፍርድ ቤት ማቆም ቀላል ነገር አይደለም።

አትጠገብ

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ ፲፰ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ውድ እትዬ፤

በጫማሽ ጉዳይ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አስተማሪያችን እንዲህ ያለ ጥያቄ ስለሚያበዙ ተጋብቶብኝ ነው።

ክሱን አርቅቄ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። አንዲት መስመር ባዶ ትቻለሁ፤ የአጥፊው ስም የሚገባው እዚያ ላይ ነው። ያ መስመር እስካልሞላ ድረስ ወረቀቱ ወረቀት ብቻ ነው። በዕለቱ መጋዘን ውስጥ ማን ነበረ? ከቦዩ ያወጣሽ ሰውዬ ከወርቃ ቡና ይዞ የመጣ ገበሬ ነው ብለሽኝ ነበር፤ ስሙን አልጻፍሽልኝም። እሱን አስጠሪው። የሽብሩ ሠራተኛ ስላልሆነ የሚፈራው ነገር የለም። ቃሉን ከሰጠ መስመሩ ሞላ ማለት ነው።

እግርሽስ? ስለ እግርሽ አጭር አጭር ነው የምትጽፊልኝ። ፈራሁ።

ሠረቀብርሃን

ዲላ፣ ጥር ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ይድረስ ለሠረቀብርሃን፤

እንኳን ለጥምቀቱ አደረሰህ። ታቦቱን ደጄ ላይ በክራንች ቆሜ ተቀበልሁት። ስለ እግሬ አጭር የምጽፍልህ ራሱ ስላጠረ ነው። ቀርከሃው ተፈታ፤ አጥንቱ ገጥሟል፣ ግን ጠምሞ ነው የገጠመው። ማሽኑ ላይ ቁጭ ብዬ ሞከርሁት። ፔዳሉን አንዴ ስረግጠው ዓይኔ ጨለመ። ይኸው ነገርሁህ፤ ሁለተኛ አትጠይቀኝ።

የወርቃው ሰው ስሙ ባልቻ ነው። ጎልማሳ ጌዴኦ ነው፤ ሚሲዮን ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ፣ ቃሉን እንደ ቡናው ለቅሞ የሚያወጣ ሰው። ዲላ ቡና ይዞ ሲወርድ አስጠራሁትና መጣ። አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም፤ አንተ እያለ ነው የሚያወራኝ። መጀመሪያ እግሬን አየና ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ እኔ ወደ ነገሬ ገባሁ፤ ጆንያውን ማን እንዳነጠፈ አይተሃል ወይ አልሁት። አይቻለሁ አለኝ። ሳይደብቅ፣ ሳይፈራ። ታዲያ ንገረኝ ስለው መልሱን በጥያቄ ጀመረው።

«እናንተ ከተማ ሰው ስሙን ሰምቶ ምን ያደርጋል?»

ሽማግሌ ይሰማል፣ አጥፊው ድንጋይ ይሸከማል፣ እኔም እከሳለሁ አልሁት። ከዚያ የእነሱን ሶንጎ ነገረኝ። ሶንጎ ማለት የሽማግሌዎቻቸው ሸንጎ ነው፤ ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ፣ ነገር ያለው ሁሉ ይመጣል፣ እዚያ የተቀመጠ ሰው አይዋሽም። ያጠፋው ካመነ በኋላ ደግሞ ያን ነገር ማንም ሁለተኛ አያነሣበትም፤ የሚያነሣ ቢገኝ ራሱ ይቀጣል። ይህን ሁሉ በእጁ መሬት እየጫረ ነገረኝ። በመጨረሻ ቀና ብሎ አየኝ።

«እኛ ዘንድ እውነት ሲወጣ ነገሩ አለቀ። እዚህ እውነት ሲወጣ ነገሩ ተጀመረ። ሶንጎ ቢጠይቀኝ እናገራለሁ። አንተ ግን እትዬ፣ እውነት ማወቅ ትፈልጋለህ?»

አዎ ማለት ነበረብኝ፤ ሁለት ወር ሙሉ ሌላ ነገር አልፈለግሁም። አፌ ግን እምቢ አለ። እሱም ተነሥቶ ትከሻዬን ነካ አድርጎኝ ወጣ። ከሄደ በኋላ ራሴን ጠየቅሁ፤ ይህ ሰው የሚያዝንልኝ ስለ እግሬ ብቻ ነው ወይስ ስለምሰማው ነገር? ከዚያ ቀን ወዲህ የአጥፊውን ስም የምፈልገው እንደ በፊቱ ሆኜ አይደለም። እፈልገዋለሁ፤ ሲመጣ ግን በር ልዘጋበት ያሰኘኛል።

ባዶዋ መስመር ባዶ ናት።

አትጠገብ

አዲስ አበባ፣ ጥር ፳፱ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ውድ እትዬ፤

ስለ እግርሽ ያልሽውን አንብቤ ቀኑን ሙሉ ሥራ አልሠራሁም። እንዳልጠይቅሽ ብለሻልና አልጠይቅም።

ባልቻ የሚባለው ሰው ጠቢብ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ምስክር ሆኖ የማይመሰክር ጠቢብ ለእኛ ምን ያደርግልናል? ፍርድ ቤት በመጥሪያ ሊያስቀርበው ይችላል። ልታደርጊው ትፈልጊያለሽ? አንቺ ካልደፈርሽ እኔ ከዚህ ሆኜ እጽፋለሁ። የሚከፋሽ ከሆነ ደግሞ አስቀድመሽ ንገሪኝ። እኔ የምፈልገው አንቺ ሰው ሳታስቸግሪ እንድትኖሪ ብቻ ነው።

ሠረቀብርሃን

ዲላ፣ የካቲት ፲፱ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለሠረቀብርሃን፤

ጾሙን እንዴት ይዘኸዋል? አዘገየሁብህ። ብዕሩን ሦስት ጊዜ አንሥቼ አስቀመጥሁት።

ክሱን ቅደደው። ባልቻንም አታስጠራው። ምክንያቱን የምነግርህን ያህል ብቻ እነግርሃለሁ።

ባለፈው ሳምንት ይመኙሻል መጣች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ በጓሮ ገባች። የሠርግ ቀሚሷ ከጥቅምት ጀምሮ እጅጌው ሳይገጠም ማሽኑ ላይ ተጋድሟል። አየችው፣ እግሬንም አየች። ለሌላ ሰፊ ስጪው ልላት አስቤ ነበር፤ ከአፌ አልወጣም። እሷ ምድር ላይ ተንበረከከችና ከማሽኑ ሥር ገባች። ፔዳሉን በሁለት እጇ ይዛ «እትዬ፣ እኔ ልግፋልሽ፤ አንቺ ስፊው» አለችኝ።

እንዲህ ሆኖ ማሽን ሲሰፋ አይተህ ታውቃለህ? እኔም አላየሁም ነበር። ቶሎ ትገፋለች፣ ቀስ በይ እላታለሁ፤ ክር ይበጠሳል፣ እንደ ገና እንጀምራለን። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ሳቋ ቆመ። ፊቷን ሳላይ፣ እሷም የእኔን ሳታይ፣ እጇን ከፔዳሉ ላይ ሳታነሣ ከማሽኑ ሥር ሆና ተናገረች። ያለችኝን አልጽፍልህም። አንተ የሕግ ሰው ነህ፤ ያወቅኸውን አንድ ነገር ሳታደርግበት አትተኛም። ሆድ ይፍጀው።

ይህን ያህል ግን እወቅ። ጆንያውን ያነጠፈው ሰው ክፉ አላሰበም። ስመጣ አይቶኝ፣ ጭቃ እንዳይነካኝ ብሎ ደረቅ ጆንያ ሊያመጣ ሮጠ። እሱ ጆንያ ፍለጋ ሲሄድ ሳንቃው ነበረ። ሲመለስ ሠራተኞቹ አንሥተውታል፤ የጭቃ ውኃ ግን ቦዩን እስከ አፉ ሞልቶ ሁሉን አንድ አስመስሎታል፤ ሳያይ አነጠፈበት። እኔን ያሰበ ሰው ነው እግሬን የሰበረው። አሁን በማን ልናደድ?

ሽብሩም ለምን እንዳልመጣ ገባኝ። መጥቶ ዓይኔን ቢያየኝ ከእኔ መደበቅ አይችልም። ሽማግሌዎቹ ድንጋዩን የሚያሸክሙት እሱን ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜውኑ ተሸክሞት ይመጣ ነበር። የሙሽራውን የደጀኔን እናት የወናጎዋን ታውቃቸዋለህ፤ የጎረቤታቸው ዶሮ ጥቁር እንቁላል ጣለች ቢባሉ ሠርግ የሚያፈርሱ ሴት ናቸው። በእርቅ ድንጋይ የተሸከመች ልጅ በቤታቸው ደጃፍ አትገባም። በቃ፣ ከዚህ አልፌ አልጽፍም።

ስለዚህ የኔ ነገር እንዲህ ነው። ስም ከጠራሁ ካሳ አገኛለሁ፤ ስም ካልጠራሁ ምንም አላገኝም። አልጠራም። ማሽኑን ልሸጠው ገዢ አፈላልጋለሁ። በኋላ ምን እንደምበላ ሳስብ ሆዴ ይባባል፣ አልዋሽህም፤ ትናንት ለብቻዬ አለቀስሁ። ግን ካለቀስሁ በኋላም ሐሳቤ ያው ነው።

አትጠገብ

አዲስ አበባ፣ መጋቢት ፭ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ውድ እትዬ፤

ማሽኑን እንዳትሸጪ። ይህ ደብዳቤ ሳይደርስሽ ሸጠሽው ከሆነ ሂጂና መልሺው።

ገብቶኛል፤ ስም አልጠይቅሽም። ደብዳቤሽን ካነበብሁ በኋላ ግን መተኛት አቃተኝና ወደ መጽሐፉ ተመለስሁ። እትዬ፣ ያሳሳትሁሽ እኔ ነኝ። ስለ ጥፋት የሚናገረውን ምዕራፍ አንብቤ ሕጉ በዚያ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ጥቂት ገጽ አልፎ ሌላ ነገር አለ። ሕንፃ ሰው ላይ ጉዳት ካደረሰ የሕንፃው ባለቤት ኃላፊ ነው ይላል። ባለቤቱ ጥፋት ባይኖርበትም፣ ጉዳቱ ይደርሳል ብሎ ባያስብም እንኳ። ማን ሳንቃ አነሣ፣ ማን ጆንያ አነጠፈ ብሎ አይጠይቅም። አስተማሪዬን ተጠግቼ ጠየቅኋቸው። ሳንቃውም ቦዩም የቤቱ አካል ናቸው ብለህ ተከራከር፣ ጥሩ ክርክር ነው አሉኝ። ዳኛው ይቀበለዋል ብዬ ልምልልሽ አልችልም፤ ሊቀበለው እንደሚችል ግን እነግርሻለሁ።

ይገርማል አይደለም? እኛ ካሳ ስንል ጥፋተኛ እንፈልጋለን። ይህ ሕግ ያለ ጥፋተኛ ካሳ ያስከፍላል። ሲያስከፍል ሰውየውን በደለኛ አይለውም፤ የቤት ባለቤት ነህ ብቻ ነው የሚለው። በዚህ ክስ ውስጥ ባዶ መስመር የለም። አዲሱን ረቂቅ ልኬልሻለሁ። ከወደድሽው ለአቶ ሽብሩ ራሳቸው አስነብቢያቸው።

ለሰጠሁሽ የተሳሳተ ምክር እግርሽ ላይ እወድቃለሁ። በጤነኛው ላይ።

ሠረቀብርሃን

ዲላ፣ መጋቢት ፳፬ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ፤

ማሽኑ አልተሸጠም። ገዢው ዋጋ ሲያወርድ ተጣልቼው ነበር፤ ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይኸ ነው።

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብሁት። መጀመሪያ አላመንሁትም። ያላጠፋ ሰው እንዴት ይክሳል? ይህን ያሰበው ሰው ማን ነው? አንተ ዘንድ መጥቼ ልማረው አሰኘኝ። ከዚያ ለአሰገደች ሰጠኋትና ለባልሽ አንብቢለት፣ ሌላ አልልም አልኋት።

በነጋታው ሽብሩ መጣ። ከአምስት ወር በኋላ፣ በፊት ለፊቱ በር፣ በቀን፣ ሰው እያየው። ከስቷል። ክራንቼን አየና ዓይኑን ጫፉ ላይ ተክሎ ቆመ፤ ወንበር ብሰጠው አልቀመጥም አለ። የምናውቀውን ሁለታችንም እናውቃለን፤ ማንኛችንም አላነሣነውም። ስለ ቡናው ዋጋ፣ ስለ ሠርጉ ድንኳን ሲያወራኝ ቆየ። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ።

«አበ ልጅ፣ እባክሽ ክሰሺኝ» አለኝ።

እንዲህ ብሎ የሚለምን ሰው አይቼ አላውቅም። ያለ ክስ ልስጥሽ ብል ከተማው ሽብሩ የደበቀው ነገር አለ ይላል፣ ሽማግሌዎቹም እንደ ገና አጥፊው ይውጣ ይላሉ አለኝ። ሕግ ሲያዘኝ ግን ያስከፈለኝ ቤቴ ነው፤ የእኔም የሌላም ሰው ስም አይነሣም አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየኝ። እኔም አለቀስሁ፣ እሱም ወደ ግድግዳው ዞረ።

ከፋሲካ በኋላ፣ ከሠርጉ በፊት ቀጠሮ ይሁን ተባብለናል። ፈርሜ ልኬያለሁ። የከተማውን ወሬ ግን ብትሰማ። አቶ ወልደዮሐንስ ሽማግሌ ረግጣ፣ የክርስትና ልጇን አባት በልጅቱ ሠርግ ዋዜማ ፍርድ ቤት ልታቆም ነው ብለው በየቤቱ ይናገራሉ። በማኅበር ላይ ጽዋው እኔ ዘንድ ሲደርስ ሁሉም ዝም ይላል። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። አንዲት ቃል ብናገር ዝም የሚያሰኛቸው ነው፤ ቃሏን ግን አልናገርም።

አትጠገብ

አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ ፮ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ውድ እትዬ፤

እንኳን አደረሰሽ። ተከሳሽ ክሰሺኝ ብሎ የለመነበትን ጉዳይ ለአስተማሪዬ ነግሬያቸው በመጽሐፍ የለም ብለው ሳቁ። እኔ ግን አንድ ነገር ያስፈራኛል። ዳኛው ጆንያውን ማን አነጠፈው ብለው በመሐላ ቢጠይቁ አቶ ሽብሩ ምን ሊመልሱ ነው? ሕጉ አይጠይቅም፤ ዳኛ ግን ሰው ነው። ተዘጋጁ።

ለሠርጉም ለፍርዱም መምጣት አልቻልሁም። የሆነውን ሁሉ ጻፊልኝ።

ሠረቀብርሃን

ዲላ፣ ሚያዝያ ፳፱ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለሠረቀብርሃን፤

የፈራኸው ደረሰ። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ጠየቁ። ጸሐፊው ብዕሩን ቀስሮ ነበር፤ አሰገደችና ይመኙሻል ከኋላ ተቀምጠዋል። ወደ ፍርድ ቤት ያመጣኝ ተከሳሹ በገዛ መኪናው መሆኑን ዳኛው አላወቁም። ሽብሩ ምሎ ቆሟል። አፉን ሲከፍት እኔ ነኝ ሊል መሆኑን አወቅሁት፤ ለልጁ ብሎ በመስቀል የማለውን መሐላ ሊያፈርስ ነው። ቀድሜው ተነሣሁ። ክራንቼ ወደቀ።

«ጌታዬ፣ እኔ የከሰስሁት ጆንያ ያነጠፈውን አይደለም። የከሰስሁት የቤቱን ባለቤት ነው።»

ሳትጠየቂ አትናገሪ አሉኝ። ከዚያ መጽሐፉን አስመጡና ረጅም ጊዜ አነበቡ። ስለ ጆንያው ሁለተኛ አልጠየቁም። ቤቱ የአንተ ነው ወይ ብለው ሽብሩን ጠየቁት፤ የእኔ ነው አለ። ካሳው በፍርድ ተወሰነ። ማሽኑን የሚረግጥልኝ ሰው ቀጥሬበታለሁ፤ እኔ እቆርጣለሁ፣ እሱ ይሰፋል። እግሬ እንደ ጠመመ ይኖራል፤ ሆዴ ግን ከዚህ በኋላ አይባባም።

ማን እንደሆነ አሁን እንኳ ንገሪኝ ብትለኝ አልነግርህም። ሕግህ አልጠየቀም፤ አንተም አትጠይቅ።

ሠርጉ በጊዮርጊስ ዕለት ሆነ። ከዳሱ ጥግ፣ ከሴቶቹ መጨረሻ ነው ያስቀመጡኝ፤ አቶ ወልደዮሐንስ ሰላም ሳይሉኝ አለፉ። እህል ያቀረበችልኝ ልጅ እንኳ አቀርቅራ ነው ያስቀመጠችልኝ። ሙሽራዋ ልትሄድ ስትል የወላጆቿን ጉልበት ለመሳም ተነሣች። የአባቷን ሳመች፣ የእናቷን ሳመች። ከዚያ እኔ በሰፋሁት ቀሚስ፣ ሰዉን ሁሉ አቋርጣ እስከ ጥጉ ድረስ መጣችና እግሬ ሥር ተንበረከከች። ቀኝ ጉልበቴን ሳመችው። ሙሽራ ከምትስመው በላይ ቆየች፤ ሚዜዎቹ ተነሺ እስኪሏት ድረስ ግንባሯን ከጠመመው እግሬ ላይ አላነሣችም። ቀሚሴ በእንባዋ ራሰ።

አንዲት ሴት ከኋላዬ እልል አለች፤ ሌሎቹም ተቀበሏት። የደጀኔ እናት ለጎረቤታቸው ሲናገሩ ሰማኋቸው፤ «አባቷን የከሰሰችባትን ሴት እንዲህ ይቅር የምትል ልጅ ናት ለልጄ ያገኘሁት» አሉ፤ ኮርተዋል። እኔም አዎ፣ የተባረከች ልጅ ናት አልኋቸው።

እኅትህ አትጠገብ